የሰው ልብ በክርክር ብቻ ስለ ምን አይመለስም

ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ አይተሃል። አንዱ ማስረጃ ያቀርባል፥ ምስክር ይጠራል፥ መጽሐፍ ይገልጣል፤ ሁለተኛውም ሁሉን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ከመጀመሪያው ይልቅ በአሳቡ ጸንቶ ይነሣል። ሊያስረዳ የደከመውም ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ «ይህ ሰው ወይ ደንቈሮ ነው፥ ወይ ልቡ ክፉ ነው» ይላል። ሁለተኛውም በመንገዱ ስለ እርሱ ያንኑ ይላል። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ እውነት በግልጥ ሲነገር ሰው ስለ ምን አይቀበለውም? ደግሞም ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ይከተላል፤ ልናስረዳው ያልቻልነውን ሰው እንዴት አድርገን ልንይዘው ይገባናል?

«ደንቈሮ ነው» ማለት ቀላል መልስ ነው፤ እውነተኛ መልስ ግን አይደለም። ይህም እንዲታወቅ ፊደል ስላልቈጠሩ ሰዎች ሳይሆን፥ በዘመናቸው ከሁሉ ይልቅ ተምረዋል ስለ ተባሉት ሰዎች ልተርክ። በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፥ በታላቁ ሆስፒታል ውስጥ፥ ድኾች ሴቶች የሚወልዱባቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጅነት የሚማሩ ሴቶች ይሠሩ ነበር። በ1846 ዓ.ም. በአንደኛው ክፍል ከወለዱት ከ4010 ሴቶች 459 ሞቱ፤ በሁለተኛው ክፍል ግን ከ3754 የሞቱት 105 ነበሩ። የሚገድላቸውም የአራስ ትኵሳት የሚባለው በሽታ ነበረ። የከተማይቱ ድኾች ይህን ልዩነት ያውቁ ነበርና፥ ምጥ ይዞአቸው ሲመጡ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳያስገቡአቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር።

በዚያ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ የሚሠራ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል የሃንጋሪ ሰው ነበረ፤ ምክንያቱንም ለማግኘት ብዙ ደከመ። መምህራን «አየሩ ተበክሎ ነው» ይሉ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ክፍሎች የሚተነፍሱት አየር አንድ ነው። «ሴቶቹ ስለ ተጨናነቁ ነው» ይባል ነበር፤ ነገር ግን ከአንደኛው ይልቅ የተጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ነበረ። ከምክንያቶቹም አንዱ ፈገግ ያሰኛል። ለሚሞቱት ሴቶች ቅዱስ ቍርባን ሊያቀብል የሚመጣው ቄስ ደወል እየተደወለለት በአንደኛው ክፍል መካከል ያልፍ ነበርና፥ ሴቶቹ በድንጋጤ ይታመማሉ ተባለ። ዜመልቫይስም ቄሱን ለምኖ ያለ ደወል በሌላ መንገድ እንዲሄድ አደረገ፤ ሞቱ ግን እንደ ነበረ ሆነ።

በ1847 ዓ.ም. በማርች ወር ያዕቆብ ኮሌችካ የሚባል ወዳጁ ሞተ። ይህ መምህር ሬሳ ሲመረመር አንድ ተማሪ በያዘው ቢላዋ ጣቱን ወግቶት ነበር። የእርሱም ሬሳ በተመረመረ ጊዜ፥ በአራስ ትኵሳት በሞቱት ሴቶች የሚታየው ነገር ሁሉ በእርሱ ታየ። ያን ጊዜ ዜመልቫይስ አስተዋለ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቈይተው ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም ነበር። እንግዲህ ሞትን ከሬሳው ወደ ሕያዋን የሚያሻግረው የሐኪሞቹ እጅ ነው። ስለዚህ ከሜይ ወር እኩሌታ ጀምሮ ወደ ሴቶቹ የሚገባ ሁሉ እጁን ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በ1848 ዓ.ም. በዚያው ክፍል ከወለዱት ከ3556 ሴቶች የሞቱት 45 ሆኑ።

አንባቢ ሆይ፥ የአውሮጳ ሐኪሞች ይህን ቍጥር ሰምተው ሁሉም ወዲያው የታጠቡ ይመስልህ ይሆናል። እንዲህ አልሆነም። ጥቂቶች ተቀበሉት፤ ብዙዎቹ መምህራን ግን ናቁት። በ1849 ዓ.ም. የሥራው ዘመን ሳይታደስለት ቀረ፤ በሚከተለውም ዓመት ቪየናን ትቶ ወደ ፔሽት ከተማ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር፥ ተቃዋሚዎቹ ያለ ምክንያት አልተቃወሙም። በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና አልተረጋገጠም ነበር፤ ዜመልቫይስም በእጅ ላይ የቀረው ነገር እንዴት እንደሚገድል ሊያስረዳ አልቻለም። የዘመኑ ሕክምና ደግሞ አንድ በሽታ ብዙ ምክንያት አለው ብሎ ያስተምር ነበርና፥ «ምክንያቱ አንድ ነው» የሚል ሰው ችኵል ይመስላቸው ነበር። እርሱም ራሱ ነገሩን አስፍቶ በመጽሐፍ ያወጣው አሥራ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ በ1861 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ ተቈጥሮ ግን ገና ያልተፈታ ነገር ይቀራል። የተጠየቁት እጅ መታጠብ ነው። ውሃው አልጠፋም፥ ኖራውም ውድ አይደለም፤ ባይጠቅም እንኳ የሚጐዳው ጥቂት ነው። ታዲያ ስለ ምን ይህን ያህል ከበዳቸው? እኔ እንደሚመስለኝ፥ አንድ ሽማግሌ ሐኪም «አዎን፥ እውነት ነው» ቢል ከዚህች ቃል በስተኋላ ሌላ ቃል ተከትላ ትመጣለች፤ እርስዋም «እንግዲያስ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እነዚያን እናቶች የገደልሁ እኔ ነኝ» የምትል ናት። ዜመልቫይስ የነገራቸው እንዲታጠቡ ነበር፤ እነርሱ የሰሙት ግን ይህችን ሁለተኛይቱን ቃል ነበረ።

ይህን ያልሁት በግምት ብቻ አይደለም። በኪል ከተማ የነበረ ጕስታቭ ሚካኤሊስ የሚባል የታወቀ የማዋለድ ሐኪም ነገሩን ሰምቶ ተቀበለ፤ በሆስፒታሉም እጅ መታጠብን አዘዘ። ነገር ግን ቀደም ብሎ አንዲት የቅርብ ዘመዱ በአራስ ትኵሳት ሞታ ነበር፤ የመረመራትም እርሱ ነበረ። እውነቱን በተቀበለ ጊዜ የገደላት የገዛ እጁ መሆኑን አብሮ ተቀበለ። ሐዘኑም ጸንቶበት በ1848 ዓ.ም. በኦገስት ወር ራሱን በባቡር ፊት ጥሎ ሞተ። እንግዲህ ፈጥኖ ያመነው ሰው የከፈለው ዋጋ ይህ ነው። ዘግይተው በቀሩት ላይ ከመፍረዳችን በፊት ይህን ሰው ልናስበው ይገባናል።

ዋጋውን መክፈል ያልወደደ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሸሽ ተመልከት። በአሜሪካ ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ የሚባል የቦስተን ሐኪም በ1843 ዓ.ም. ይህን ትኵሳት ከአንዲቱ አራስ ወደ ሌላይቱ የሚያደርሱት ሐኪሞችና አዋላጆች ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። በፊላደልፊያ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ሜግዝ ግን፥ እርሱ ሊያስተውለው በማይችል ተላላፊ ነገር ከማሳበብ ይልቅ፥ ሞቱን በአጋጣሚ ወይም በእግዚአብሔር ፈቃድ ማሳበብ እንደሚመርጥ ገለጠ። እኛ ሰባኪዎች ይህን ነገር ልብ ልንለው ይገባናል፤ ሰው የገዛ እጁን ላለማየት ሲል፥ ያውም በትሕትና ድምፅ፥ ፈጣሪውን ተከሳሽ ሊያደርግ ይችላልና።

የሰው እምነት ሲሞቅ እንደሚያወልቁት፥ ሲበርድ እንደሚለብሱት ኩታ አይደለም፤ በጐጆ መካከል እንደ ቆመ ምሰሶ ነው። ጣሪያው በእርሱ ላይ አርፎአል። ጐረቤትህን «ይህን ምሰሶ ምስጥ በልቶታልና ንቀለው» ብትለው፥ ምስጡን በዓይኑ እያየ እንኳ እምቢ ይልሃል፤ ልጆቹ ከጣሪያው በታች ተኝተዋልና። አጠገቡ ሌላ ምሰሶ ሳይቆም አሮጌውን የሚነቅል የቤት ጌታ የለም። በሰው እምነት ላይ ያረፈው ነገር ደግሞ ብዙ ነው፤ የአባቱ ስም አለ፥ ማኅበሩ አለ፥ ዕድሩ አለ፥ የጋብቻ ውሉ አለ። አንድ ሽማግሌ የተነገራቸውን ሁሉ በጸጥታ ከሰሙ በኋላ ያቀረቡትን ጥያቄ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስለ ትምህርቱ አንዳች አልጠየቁም፥ «ታዲያ ስሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉ እንጂ። የመጣው መምህር ስለ መጻሕፍት ምስክርነት ገና ብዙ ሊናገር ተዘጋጅቶ ነበር። ሽማግሌው ግን ነገሩን ከእርሱ ይልቅ በሚገባ አስተውለውታል፤ አምስት ልጆች ያሉት ሰው የመቃብሩን ነገር ቢያስብ ደካማ አያሰኘውም።

በአገራችን የቀድሞ ሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው፥ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፥ በፈረስ በበቅሎ በማር እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። የቃላቸው ውበትና የነገራቸው አካሄድ እጅግ የሚያስደንቅ ነበረ። ነገር ግን በዚያ ሙግት መካከል «ወንድሜ፥ አስረዳኸኝ፤ እውነት ከአንተ ጋር ናት» ብሎ በፈቃዱ የተቀመጠ ተሟጋች አልተወራልንም። በዚያ ስፍራ መረታት እንጂ መረዳት የለምና። ችሎቱ ሌላ ሥርዓት ይዞአል፤ እኛ ግን ያንን አሮጌውን ወደ ገበታችንና ወደ መንገዳችን አምጥተነዋል። ሰው በሰዎች ፊት ከተናገረ በኋላ ቃሉ ከወለደው ልጅ ይልቅ ይከብድበታል፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውም ተረት ይህን ያሳያል። በጉባኤ መካከል አሳቡን እንዲተው የምንጠይቀው ሰው ይህን ተረት ጠጥቶ ያደገ መሆኑን አንርሳ።

ነገር ግን ይህ የልብ ጽናት ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ንግግር ያማረለት ሁሉ የሚያስለውጠው ሰው ቢኖር፥ አታላይ ነጋዴ ቤቱን፥ ሐሰተኛ ነቢይም ነፍሱን በአንድ ሳምንት ይወስዱበት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የቪየናን መምህራን ከእውነት የከለከላቸው ያው ጽናት፥ ታማኙን ሰው ከብዙ ተንኰል ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሰው ለመለወጥ በመዘግየቱ ብቻ አልነቅፈውም፤ የምነቅፈው ሬሳው በፊቱ ተኝቶ ሳለ ለመቍጠር እምቢ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ዜመልቫይስ በ1861 እና በ1862 ዓ.ም. ለታወቁ የማዋለድ መምህራን ግልጥ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያም ነፍሰ ገዳዮች እያለ ከሰሳቸው። ክሱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ማንን መለሰበት? ነፍሰ ገዳይ ተብሎ በአደባባይ የተጠራ ሰው ከዚያ በኋላ ለማመን ቢወድድ እንኳ፥ ስሙን አብሮ መቀበል ይኖርበታል። የመመለሻው በር በዚያ ደብዳቤ ይበልጥ ጠበበ። በ1865 ዓ.ም. ዜመልቫይስ ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ተወሰደ፤ በዚያም በኦገስት 13 ቀን በ47 ዓመቱ ሞተ። ጆሴፍ ሊስተር ቍስልን ከመመረዝ ስለሚጠብቅ መድኃኒት የጻፈው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ሉዊ ፓስተርም የአራስ ትኵሳትን ተሐዋሲ ለሐኪሞች ያሳየው በ1879 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ፥ «እናቶች እየሞቱ በለዘብታ መናገር ይገባልን? የአንተ ትዕግሥት በሌላ ሰው ነፍስ የተገዛ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይህ ብርቱ ቃል ነው፥ በቀላሉም ላልፈው አልወድም። በእርግጥ ትዕግሥት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው፤ ለሌላው ሥቃይ ታጋሽ መሆን ደግሞ ማንም የሚችለው ነው። ነገር ግን ዜመልቫይስ በክፍሉ ሥልጣን በነበረው ጊዜ ያደረገውን አስተውል። ተማሪዎቹን «እመኑ» አላላቸውም፤ «ታጠቡ» አላቸው። ያመነውም ታጠበ፥ ያላመነውም ታጠበ፤ ሴቶቹም ዳኑ። የሌላ ሰው ሕይወት በእጅህ ሥራ ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ፥ ሥልጣን ያለው ሰው እጅህን ቢያዝዝ ግፍ አልሠራብህም። ልብህን አዝዛለሁ ቢል ግን ግፍም ነው፥ ከንቱም ነው።

ይህን የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1603 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ግዕዝንና አማርኛን ተማረ፥ ሕፃናትን አስተማረ፥ ከመኳንንቱም ጋር በትዕግሥት ተነጋገረ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን መጠበቅን አልወደደም፤ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ጾሙና በዓሉም እንዲለወጥ ሠራ። ሕዝቡም ዐመፀ። በ1632 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ የወደቁት በሺህ የሚቈጠሩ ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። ወዲያውም የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፥ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ከሁለቱ ትምህርቶች የትኛው ይሻል ነበር ብዬ በዚህ ስፍራ አልከራከርም። የምለው፥ ፓኤዝ በብዙ ዓመት በመነጋገር የሠራውን ሜንዴዝ በጥቂት ዓመት በማዘዝ አፈረሰው፤ ከዚያም የሚብሰው፥ ሕዝቡ ከሩቅ አገር የሚመጣውን መምህር ሁሉ ለብዙ ዘመን እንዲፈራ አደረገው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በተላከ ጊዜ በክስ አልጀመረም። ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ተረከለት፤ ንጉሡም በማን ላይ እንደሚፈርድ ሳያውቅ በቅን ፈረደ። ያን ጊዜ ብቻ ሰውዬው አንተ ነህ ተባለ። ነገር ግን ይህን ምሳሌ እንደ ብልሃት ብቻ የሚወስዱት አሉና አልወድድላቸውም፤ ናታን ዳዊትን ያታለለው አይደለም፥ በዳዊት ውስጥ ገና ያልሞተውን ቅን ዳኛ ጠራው እንጂ። ሰው ከራሱ አፍ የሰማውን ፍርድ ከሌላ አፍ ከሰማው ይልቅ ይቀበላል።

ስለ ጴጥሮስም የተጻፈው ለሚሰብክ ሰው እጅግ ይጠቅማል። ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ከመሄዱ በፊት መመለስ የነበረበት ሰባኪው ራሱ ነበረ፤ ራእዩም ሦስት ጊዜ ታየው እንጂ አንድ ጊዜ አልበቃም። ወደ ኢየሩሳሌምም በወጣ ጊዜ ወንድሞች ሲነቅፉት ሕግ ጠቅሶ አልተከራከራቸውም፤ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ተረከላቸው፥ እርሱ ራሱ እምቢ ያለበትንም ጊዜ አልደበቀም። እንግዲህ ሌላውን ለመመለስ የምንነሣ ሁላችን ይህን ጥያቄ በልባችን ልንይዝ ይገባናል፤ እኔ ከቪየና መምህራን ወገን አለመሆኔን በምን ዐውቃለሁ? ለመጨረሻ ጊዜ ሰው አስረድቶኝ አሳቤን የለወጥሁት መቼ ነው? ይህን ቀን ሊያስታውስ የማይችል ሰው፥ ሌላው በአንድ ማታ እንዲለወጥለት ባይጠብቅ መልካም ነው።

ይህን የምታነብ ተማሪ ሆይ፤ እኅትህ ወለደች እንበል። እናትህም እንደ ጥንቱ ልማድ እንጥል ቈራጭ ልታስጠራ አሰበች። አንተ የሕፃንን እንጥል መቍረጥ ደም እንደሚያፈስ፥ ቍስሉም እንደሚመረቅዝ፥ ሕፃኑንም እስከ ሞት ሊያደርሰው እንደሚችል ተምረሃል። በጐረቤቶች ፊት ቆመህ «ይህ የድንቍርና ሥራ ነው» ብትል፥ የዜመልቫይስን ደብዳቤ እንደ ገና ጻፍህ። እናትህ የምትሰማው ስለዚህ ሕፃን ብቻ አይደለም፤ አንተንና እኅትህን፥ ምናልባትም በአራስነቱ የሞተውን ወንድምህን ለዚያው ምላጭ ሰጥታለችና። ስለዚህ ጐረቤቶች ከሄዱ በኋላ እሳት ዳር አጠገብዋ ተቀምጠህ፥ «እማዬ፥ ያን ጊዜ ያደረግሽው ልጆችሽን ለማዳን ብለሽ ነው፤ ሌላ የሚነግርሽም አልነበረም» በላት። ይህ ማባበያ አይደለም፥ እውነት ነው። ሕፃኑ ጕሮሮው ቢታመም ወዴት እንደሚወሰድ ንገራት፤ ወደ ጤና ጣቢያውም አንተ ራስህ አብረህ ሂድ፥ በወረፋውም አብረህ ቁም። በዚህም ሁሉ እምቢ ብትል፥ ከእኅትህና ከባልዋ ጋር ተማክረህ ቈራጩ ወደ ቤት እንዳይገባ ከልክል፤ እናትህ ግን በልብዋ የምታምነውን ልታምን ትችላለች። ጥቂት ሳምንት ትቀየምሃለች። ውሃ ቅዳላት፥ ገበያ ሂድላት፥ ነገሩንም አታንሣባት። ሕፃኑ ሲያድግ ታየዋለች። ምናልባት አንድ ቀን ለጐረቤትዋ ልጅ፥ «እንጥሉን አታስቈርጪ፤ ይልቅስ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ስትል ትሰማት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይህን ከማን እንደ ሰማች አታስታውሳት።